የዞረው መሪ

የብስክሌቱ መሪ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ የፊት ጎማው ወደ በሩ ያያል። ሲስተር ብስክሌቷን ከዕቃ ቤቱ ልታወጣ እጇን ስትሰድ የለመደችው እጀታ በቦታው አልነበረም። ጎንበስ ብላ አየችው። አንድ ሰው የመሪውን ብሎን አላልቶ፣ መሪውን ከብስክሌቱ ጎን ጋር እስኪለጠፍ አዙሮ፣ ብሎኑን መልሶ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። እንዲህ የተደረገ ብስክሌት ይገፋል እንጂ አይነዳም።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለች፣ ማን እንደሆነ ልቧ እያወቀ።

ምራቷ ሕፃኑን ታቅፋ በረንዳው ላይ ቆማለች። ሕፃኑ ጥርስ ሊያበቅል ስለሆነ ሲነጫነጭ አድሮ የእናቱም ዓይን ቀልቷል።

"ትናንት ልጅዎ ነው። ቦታ ያዘ፣ መተላለፊያ ዘጋ አለና..." ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

ዕቃ ቤቱ እንኳን አንድ ብስክሌት ጥንድ በሬ ጠምዶ ያሳርሳል። ሲስተር ይህን ልትል አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ተወችው። ምራቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በእናትና በልጅ መካከል የቆመ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በኩል ክርን እንጂ ምስጋና አያገኝም።

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዕድሜዋን በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል ስታጥብና መርፌ ስትወጋ ኖራ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ "ሲስተር" ማለቱን አልተወም፤ እሷም ሥራውን አልተወችም። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን በየቤታቸው እየሄደች ቁስላቸውን ታጥባለች፣ ፋሻ ትቀይራለች። በሽተኞቿ የሚኖሩት ታክሲ በማይገባበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ውስጥ ነው። ብስክሌቱን የገዛችው ለዚህ ነበር። መንዳት የተማረችው ፀጉሯ መሸበት ከጀመረ ወዲያ ነው፤ ያኔ አፉን ሸፍኖ የሳቀባት ሁሉ ዛሬ እናቱን ወይም አባቱን እንድታይለት ደጅ ይጠናታል።

ባለፈው ወር ግን ወደቀች። የቆመ ታክሲ በሩን ድንገት ከፈተባትና ከነብስክሌቷ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች። ክፋቱ፣ ልጇ ከኋላ በመኪናው እየመጣ ነበርና በዓይኑ አየ። የግራ እጇ አንጓ ወለም ከማለቱ በቀር የደረሰባት ነገር አልነበረም። ልጇ ግን ያንኑ ቀን አፍሶ ወደ ቤቱ ወሰዳት። "እስኪሻልሽ" ነበር ያላት። እጇ ተሻላት፤ "እስኪሻልሽ" ግን አላለቀም። መጀመሪያ ልብሷ መጣ፣ ቀጥሎ አልጋዋ ተጫነ። ሰሞኑን ደግሞ ራት ላይ፣ ቤትሽ ባዶውን ከሚቀመጥ ቢከራይ ምን ይመስልሻል አላት። "እስቲ እናያለን" አለችው። እሷ ጊዜ መግዛቷ ነበር፤ እሱ እሺታ አድርጎ ያዘው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቱን የሚያይ ተከራይ ቀጥሯል።

በዚህ ሁሉ ዝም ማለቷ እሷንም ይገርማታል። እጇ ያማት ነበር። ደግሞም ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጇን አንገት ሥር ማሽተትም ጥሟት ነበር። ሰው አንዳንዴ እጁን የሚሰጠው ተሸንፎ ሳይሆን ተመችቶት ነው።

ትናንት ግን አንድ ሽማግሌ አናጢ ደወሉላት። የስኳር በሽተኛ ናቸው። እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል ስታጥብላቸው ከርማ ሊጠግግ ምንም አልቀረውም ነበር። እሷ ከቀረች በኋላ የተተካችው ነርስ አንድ ሁለቴ መጥታ ጠፋች። "ሲስተር፣ መሽተት ጀምሯል" አሏት አናጢው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የስኳር ቁስል ሲሸት ቀጥሎ የሚመጣው መጋዝ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ነገ ጠዋት እደርሳለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው።

"ይደውሉለትና ያድርስዎት እንጂ" አለች ምራቷ፣ ሲስተር ብስክሌቷን ጎትታ ስታወጣ አይታ።

"ደውዬለት ነበር። ከስብሰባ በኋላ አለኝ። ቁስል ስብሰባ አያውቅም።"

የፋሻ ቦርሳዋን የኋላ መጫኛው ላይ አሰረችና፣ በአንድ እጇ መቀመጫውን በሌላው የተጣመመውን መሪ ይዛ፣ አንካሳ በቅሎ እንደሚጎትት ሰው ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች።

*

የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ጥግ ላይ ባለች አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ይሠራል። ጎማ የሚያጣብቅበት ሙጫ ከጣቱ ተለይቶ ስለማያውቅ ሁሉም "ማስቲሽ" ይለዋል። ሲስተር ስትደርስ አንድ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቶ ውኃ የሞላበት ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ ነበር። ቀና ብሎ ብስክሌቱን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ሳፋው መለሰ።

"ማስቲሽ፣ ይቺን አቅናልኝ። ሰው ይጠብቀኛል።"

"አልችልም ሲስተር።"

"ብሎን መፍታት አቃተህ?"

"እሱንስ ዓይኔን ጨፍኜም እፈታዋለሁ። ልጅዎ ትናንት መጥቶ ቃል አስገባኝ። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው።" ከመነዳሪውን ሳፋው ውስጥ አገላበጠው። "አይቆጡኝ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጀርባዋን እያገላበጡ ያጠቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁትም። ግን ልጁ ለመነኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የለመነኝ፤ እንቢ ማለት አቃተኝ።"

ሲስተር ይህን አልጠበቀችም። ልጇ ካደገ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የዋለው። ብስክሌቱን አዙራ ወደ ቤት መመለስ ለአንድ አፍታ አማራት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ይህን እንባ ለምን ለእሷ አላመጣውም? ለምን የጎማ ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አፈሰሰው? ይህን ስታስብ ብስክሌቱን ይበልጥ ጨበጠች።

"ስትምል ምን አልክ? እንዳለ ንገረኝ።"

"'ብስክሌቷን በእጄ አልነካም፣ አልጠግንም' አልኩ።"

"መፍቻ አላውስም ብለሃል?"

ማስቲሽ አሰበ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ቀስ እያለ መጣ።

"እሱን አላልኩም።"

"እንግዲያው አምጣ።"

መፍቻውን፣ መዶሻውንና አንድ ቁራጭ እንጨት መሬት ላይ አስቀመጠላትና፣ መሐላ እንዳያፈርስ የፈራ ይመስል እጁን ከኋላው አጣምሮ ወደ ሳፋው ተመለሰ። ሲስተር ቀሚሷን በጉልበቷ መካከል ሰብስባ፣ ከብስክሌቱ ፊት ለፊት ቆማ፣ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበቷ ቆነጠጠችው። መፍቻውን መሪው አንገት አናት ላይ ባለው ብሎን ውስጥ አስገብታ ገፋች። ልጇ አጥብቆ ነው ያሰረው። በቀኝ እጇ ክብደቷን ሁሉ ስትጥልበት ብሎኑ ጭርር ብሎ ለቀቀ። ትፈታው ጀመር።

"ከመነዳሪ ሆይ" አለ ማስቲሽ፣ ዓይኑን ከሳፋው ሳያነሳ። "ብሎን ፈታሁ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚያወጣው ሰው ሞኝ ነው። ጥቂት ማላላት ይበቃል።"

ሲስተር እጇን ገታች። መሪውን ይዛ ልታዞረው ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። ጉልበቷን አጥብቃ እንደገና ሳበችው፤ ጎማውም መሪውም አብረው ዞሩ።

ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ፊታቸውን አዙረው ያይዋት ጀመር። ከመካከላቸው አንድ ባለ ኮት ጎልማሳ ጠጋ ብሎ፣ "እናቴ፣ ይህ እኮ የወንድ ሥራ ነው። ልርዳዎት?" አላት።

"የወንድ መሆኑን ብሎኑ አልነገረኝም" አለችው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሰውየውም አብሮ ስቆ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

ማስቲሽ ከከመነዳሪው ጋር ጨዋታውን ቀጥሏል። ብሎኑ ከላይ ቢላላም ታች ውስጥ ያለው ሽብልቅ እንዳልለቀቀ፣ ስለዚህ ብሎኑ ላይ እንጨት አስቀምጦ በመዶሻ መታ ማድረግ እንደሚያስፈልግ፣ እንጨት ሳያደርግ በብረት የሚመታ ሰው ግን የብሎኑን ጥርስ ጨርሶ ብስክሌቱን እንደሚጥለው አንድ በአንድ ነገረው። ሲስተር እንጨቱን አስቀምጣ መታች። አልሆነም። ጠንከር አድርጋ ስትደግመው ብሎኑ ዝቅ አለ፤ መሪውም በእጇ ውስጥ ዞረ።

ማቅናቱ ቀላል መስሏት ነበር። ሁለቱን እጀታዎች እኩል አድርጋ ከላይ አየችው፤ ቀና ብሏል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ስታየው ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አስተካከለችው፤ ወደ ግራ ሄደባት። ላብ ከግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አናጢውን አሰበች፤ ይህን ጊዜ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው በሩን እያዩ ይሆናል።

"ጫፍና ጫፉን የሚያይ ይሳሳታል" አለ ማስቲሽ፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሲወድቅ አንዱ እጀታ ጎብጧላ። የጎበጠ ነገር አስተካክል ብሎ አያስተካክልም። አንገቱን ከጎማው ጋር ነው ማየት፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ።"

ሲስተር ግራ ዓይኗን ጨፈነች። እጀታዎቹን ረስታ፣ ከመሪው አንገት መካከል ተነስታ እስከ ጎማው ጥርስ ድረስ በዓይኗ ወረደች። የጠፋ ደም ሥር እንደምትፈልግ ነበር የፈለገችው፤ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ፣ ሳትቸኩል። መሪውን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ትንሽ መለሰችው። ቆመች። አንገቱና ጎማው አንድ መስመር ሆኑ።

ሳትለቀው በሌላው እጇ መፍቻውን አንስታ ማጥበቅ ጀመረች። እዚህ ላይ ነው የታመመው አንጓዋ የጮኸው። ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣ። ማስቲሽ አይቶ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ቃሉ ትዝ ሲለው እንደገና ተቀመጠ። ሲስተር እጅ ቀይራ አጠበቀችው። ከልክ በላይም አይሁን አለ ማስቲሽ፤ ነጂው ቢወድቅ መሪው ይዙር እንጂ አጥንት አይሰበር።

በዚህ መሃል ከኋላዋ መኪና ሲቆም ሰማች። መዞር አላስፈለጋትም፤ የዚያን መኪና በር አዘጋግ ታውቀዋለች።

*

ልጇ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። የተጨፈለቀ መኪናና የተሰበረ ሰው ፎቶ ሲያገላብጥ ውሎ ይገባል። ምራቷ ሳትደውልለት አልቀረችም፤ ክራባቱ ወደ ትከሻው ዞሯል፣ መኪናውን ግማሹን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶታል። መጀመሪያ ያየው ማስቲሽን ነበር።

"ቃልህስ?"

"እዚሁ አለ። ጣቴን አላነሳሁም፤ ሰልፈኛውን ጠይቅ" አለ ማስቲሽ።

ልጅየው ወደ እናቱ ዞረ። "እማ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። የምትሄጂበት አደርስሻለሁ።"

"ስብሰባህስ?"

"ትቼው መጣሁ።"

"ነገስ? ከነገ ወዲያስ?"

"ሹፌር እቀጥርልሻለሁ።"

"ላም አለኝ በሰማይ" አለች ሲስተር። "እሺ ይሁን፣ ሹፌርህ አናጢው ደጅ ድረስ በየት በኩል ይገባል? በጣሪያ ላይ?"

ሰልፈኞቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው ሁሉ እያየን ነው፣ እቤት ገብተን እንነጋገር አላት። እሷ ደግሞ፣ እቤት ተነጋግረን እንደማናውቅ፣ አንተ ወስነህ እኔ ራት እንደምበላ ታውቃለህ አለችው። ያኔ ነው ድምፁ የተሰበረው።

"እማ፣ አንቺ እኮ ስትወድቂ አላየሽም። እኔ ነኝ ያየሁት። መሬት ላይ ተዘርግተሽ፣ ያ ሁሉ መኪና... እኔ ነኝ ያየሁት።"

"የወደቅሁት ግን እኔ ነኝ።"

ሲስተር መፍቻውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። ፊቱን ስታይ አንድ ቀን፣ ልጅ ሳለ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘግይታ ስትደርስ የጠበቃትን ፊት አየች። ልትነካው እጇ ተነስቶ ነበር፤ ግራሶ የነካው መሆኑን አይታ መለሰችው።

"ከፈራህ 'ፈራሁ' በለኝ" አለችው። "እናትህ ነኝ፤ ፍርሃትህ አዲሴ አይደለም። ግን ተደብቀህ መሪዬን ማዞር፣ ሰው ቤት ሄደህ መሐላ ማስገባት ምን ይሉታል? ለእኔ ልታለቅሰው የሚገባህን ለማስቲሽ አለቀስከው።"

ልጅየው ማስቲሽን አየው። ማስቲሽ ሳፋው ውስጥ የጠፋ ነገር መፈለግ ያዘ።

"ፈራሁ" አለ በመጨረሻ። አስፋልቱን እያየ ነበር።

"እኔም እፈራለሁ። እየፈራሁ እሄዳለሁ።"

ታክሲ መጥቶ ከሰልፈኞቹ ከፊሉን ወሰደ። ከዚያ ልጅየው ኮቱን አውልቆ መኪናው ላይ ጣለና ወደ ብስክሌቱ ቀረበ። "መጥበቁን ልሞክረው" አለ። ሲስተር ምን ሊያደርግ እንደሆነ ስለገባት ገለል አለችለት። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መካከል አስገብቶ ቆነጠጠው፤ ሁለቱን እጀታዎች ጨብጦ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። መሪው አልተነቃነቀም። ወደ ግራ ጠመዘዘ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ጥርሱን ነከሰ፤ እንዲዞርለት በሙሉ ልቡ እየፈለገ እንደሆነ እናቱ ታያለች። ቢዞር ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያ ባለቀ ነበር። እሷም እስትንፋሷን ይዛ ቆመች።

መሪው እንደ ቀና ቀረ።

ልጅየው እጀታዎቹን ለቀቀ። የሱሪው ጉልበት ላይ ጎማው ጥቁር ምልክት ትቶበታል። ያን ምልክት በእጁ እያበሰ፣ ይበልጥም እያሰፋው፣ "ይዟል" አለ።

"ይዟል" አለች እሷም። መፍቻውን ለማስቲሽ መልሳ፣ ቦርሳዋን አጥብቃ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፔዳል ዙሮች አንገዳገዷት። ከኋላዋ "እማ!" የሚል ድምፅ ሰማች፤ ዞራ ሳታይ እጇን አንስታ አወዛወዘችለትና ወደ ጠባቡ መንገድ ታጠፈች።

*

የአናጢው እግር የፈራችውን ያህል አልነበረም። ሽታ አለው፤ ጠርዙም ጠቁሯል። ከጥቁሩ ሥር ግን፣ ረጅም ጊዜ ወስዳ ስታጥበው፣ ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። አናጢው በወጣትነታቸው አንድ ክፉ ባለጋራ ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ ሠርተህ ሰጠኸኝ ብሎ እንዴት እንደከሰሳቸው እያወሩ ሕመሙን ሊረሱት ይሞክሩ ነበር። መድኃኒቱ ሲነካቸው ወሬያቸውን አቋርጠው ወንበሩን ይጨብጣሉ፤ ሲያልፍላቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

"ይቆረጣል?" አሉ ሲስተር ፋሻውን ስትጠቀልል። እስከዚያ ድረስ ጥያቄውን ሸሽገውት ነው የቆዩት።

"በየቀኑ ከታጠበ አይመስለኝም። ነገ ሐኪም እንዲያየው አብረን እንሄዳለን። እኔም በየቀኑ እመጣለሁ።"

"ልጅሽ አይፈቅድም ብለውኝ ነበር።"

"ልጄ ሥራ ይበዛበታል፤ ሁሉን መፍቀድ አይደርሰውም" አለች።

ሌሎች ሁለት በሽተኞቿንም አይታ ስትወጣ ስልኳ ላይ መልእክት አገኘች። የልጇ ነው። ስለ ጠዋቱ አንድም ቃል የለበትም። ተከራዩ ቤቱ ደጅ ላይ መቆሙን፣ ቁልፉ እሷ ጋ ስለሆነ እግረ መንገዷን እንድትከፍትለት፣ እሱ ከሥራ መውጣት እንደማይችል ይናገራል። ሲስተር መልእክቱን አንብባ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ተከራዩ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው። አልጋው ይገባ እንደሆነ ሊለካ ሜትር ይዟል። ከብስክሌት ስትወርድ ሲያያት ፈጠን ብሎ እጀታውን ያዘላት። ቁልፍ የሚያመጣ ሰው ይመጣል ተብዬ ነው የቆምኩት አላት፤ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ገና ቤቱን ሳያየው እንደወደደውም ነገራት። ሲስተር ቁልፉን አውጥታ በእጇ ይዛ ቆየች። በሩ ላይ ያለው ቀለም በፀሐይ ተላጧል። እሷ ራሷ ነበረች የቀባችው፣ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በአንድ እሑድ።

"ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ በከንቱ አደከምንህ" አለችው። "ቤቱ ሰው አለበት።"

ወጣቱ በመስኮቱ አጮልቆ አየ። "ባዶ ነው ያሉኝ። ማን አለበት?"

"እኔ።"

ወጣቱ ሜትሩን ወደ ኪሱ ከተተ። አልተቆጣም፤ የደከመ ፊት ብቻ ነበር ያሳየው። ሲስተር አዝናለት ሁለት ቤት አልፎ የሚከራይ ክፍል እንዳለ ነገረችው፣ እሷ እንደላከችው እንዲናገርም አሳሰበችው። ሲሄድ ጠብቃ በሩን ከፈተች።

ውስጡ ሻግቷል። መስኮቶቹን ከፋፈተቻቸው። ወንበሮቹ አሉ፣ ምድጃው አለ፣ የመጋረጃው አቧራ አለ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ግን አልጋው ከቆመበት ቦታ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ወገቧን ይዛ ባዶውን ወለል አየችው። አንጓዋ አሁንም ይጠዘጥዛታል። አንድ ሌሊት በልጇ ቤት አድራ ነገ መመለስ ትችላለች፤ ማንም አይፈርድባትም። ነገ ግን ሕፃኑ ይስቅላታል፣ ምራቷ ቁርስ ታቀርባለች፣ ከዚያ ሌላ ነገ ይመጣል።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ልጇ ወዲያው አነሳው።

"ደህና ነሽ? ወደቅሽ?"

"አልወደቅሁም። ጠዋት አደርስሻለሁ ያልከው መኪና አሁን ያስፈልገኛል።"

"እሺ፣ የት ነሽ? መጣሁ።" ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር። "የት ላድርስሽ?"

"እኔ ደርሻለሁ፤ ቤቴ ነኝ" አለች ሲስተር። "አልጋዬን አምጣልኝ።"